«ለምሳሌ?»

ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት በሦስት የምትሆን ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያኮርፍ አንድ ፕሪንተር። ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሲቪ እሠራለሁ። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ። ሰው ሲሞት ደግሞ የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ።

ይኼኛውን ሥራ አስቤ አልገባሁበትም። አንድ ጠዋት ዓይናቸው ያበጠ ሁለት ወንድማማቾች መጡ። በደብተር ወረቀት ላይ የተሞነጫጨረ ነገር ሰጡኝና «ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው፣ ቶሎ በልልን» አሉኝ። ስተይበው አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አስተካከልኩላቸው። ወደዱት። ከዚያ ሰው ለሰው እየነገረ፣ አሁን በሳምንት ሁለት ሦስቴ እጽፋለሁ። 12 ዓመት ሆነኝ።

አጻጻፉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «አቶ እገሌ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው አጠራር በሸዋ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…» ብሎ ይጀምራል። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው…» ብሎ ያልቃል። መሀል ላይ አንዲት አንቀጽ አለች። «ደግ፣ ሰው ወዳድ፣ ታታሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ከሁሉ ጋር ተግባቢ ነበሩ» የምትለዋ። እሷን አንቀጽ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጫት ነበር። ስም እየቀየርኩ እለጥፋታለሁ። ወንድ ሲሆንም «ነበሩ» ነው፣ ሴት ስትሆንም «ነበሩ» ነው፤ አንቱታ ደግነቱ ጾታ አይለይም። በኔ ፋይል መሠረት ፒያሳ ውስጥ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም።

ይኼን የምጽፈው ስለ ሞት ላወራ አይደለም። ከዚያች ተለጣፊ አንቀጽ እንዴት እንደወጣሁ፣ ከዚያም የራሴን ኑሮ በምን እንደምለካው ልንገራችሁ ብዬ ነው። ለአንዳችሁ ትጠቅም ይሆናል።

መጀመሪያ ያስደነገጡኝ የአንድ ነጋዴ ልጆች ናቸው። ሦስት ናቸው። ጥቁር ለብሰው፣ መኪናቸውን ከፊት ለፊት አቁመው ገቡ። የቤቱን፣ የመጋዘኑን፣ የሕንፃውን ነገር በቃላቸው ይዘውታል። የቱን በየትኛው ዓመት እንደሠሩ፣ የመጀመሪያዋን የጭነት መኪና መቼ እንደገዙ፣ ሁሉንም። እኔ እጽፋለሁ። «ደግ» የምትለዋ ጋ ስንደርስ ታላቅየው አስቆመኝ። «ዝም ብለህ የሁሉንም ሰው አትጻፍ። አባባን የሚመስል ነገር ይሁን» አለኝ። እሺ አልኩ። «ደግነታቸው እንዴት ነበር? ለምሳሌ?»

ተያዩ። ሴቷ ስልኳን ነካካች። «ልጆቹን አስተምሯል» አለች በመጨረሻ።

«እሱማ ተጽፏል። የሚያስደስታቸውስ ነገር ምን ነበር?»

ነገሩን ላቅልል ብዬ ነው የጠየቅኳቸው። የባሰ ዝም አሉ። የሚሰማው የፕሪንተሩ ድምፅ ብቻ ነው። ታላቅየው ቆይቶ «ሥራ» አለ። ተለጣፊዋን አንቀጽ ለጠፍኩላቸው። ከፍለው ሄዱ።

ሰውየውን መውቀሴ አይደለም። ምናልባት በድብቅ ብዙ ሰው ረድተው ይሆናል። ልጆቹም ሐዘን ላይ ናቸው፤ ሐዘን አእምሮ ይሰርቃል፣ የእናቱን ስም የጠፋበት ሰው አይቻለሁ። ግን ሁለቱ ጥያቄዎች ከኔ ጋር ቀሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጣውን ሁሉ መጠየቅ ጀመርኩ። ለምሳሌ? ምን ያስደስታቸው ነበር?

በ2015 ወያላዎች መጡ። ስድስት ሆነው። ሱቋ አልበቃ ብላቸው ሁለቱ በር ላይ ቆሙ። የሞተው ጓደኛቸው ነው፤ የፒያሳ ለገሃር ረዳት፣ ዕድሜው 24። የሚጻፍ ነገር ያለው አልመሰለኝም። ትምህርት እስከ ስምንተኛ። ሥራ፣ ረዳት። ትዳር የለ፣ ልጅ የለ። ሦስት መስመር ላይ አለቀ።

«ጠባዩስ?» አልኳቸው።

«አሪፍ ልጅ ነው ጋሼ።»

«ለምሳሌ?»

ስድስቱም ባንዴ ማውራት ጀመሩ። ሒሳብ ሲሰበስብ ገንዘብ የሌለውን ሰው ከፊቱ ያውቀዋል አሉ። ኪሱን ደጋግሞ የሚዳብስ፣ አለዚያም ድንገት በመስኮት ውጪ ውጪውን ማየት የሚጀምር ሰው አለ። እሱ ጋ ሲደርስ እጁን አይዘረጋም። ጠጋ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ «ተከፍሏል» ይለዋል። «ማን ከፈለልኝ?» ካለው «ቅድም የወረደው» ይላል። ማታ ሒሳብ ሲተሳሰቡ የጎደለው ከራሱ ድርሻ ይቆረጣል። አንድ ቀጭን ልጅ አለ፣ ብሩን በርዝመቱ አጥፎ በጣቶቹ መሀል እንደያዘ። «እኔንም እንደዚሁ ነው ያገኘኝ» አለ። ከክፍለ ሀገር በመጣ በሦስተኛው ቀን ያለ ሳንቲም ታክሲ ውስጥ ገብቶ። «ተከፍሏል አለኝ። ስወርድ ደግሞ፣ ሥራ ትፈልጋለህ ወይ አለኝ።»

«ምን ያስደስተው ነበር?» ስላቸው ሁሉም ሳቁ። ቀኑን ሙሉ የተዘጋጋው መንገድ ማታ ሲለቅ፣ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የቸርችልን ቁልቁለት ሲወርዱ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ጭንቅላቱን ለነፋስ ይሰጣል። ብቻውን ይስቃል። ሹፌሩ እብድ ነው ይለው ነበር። (በር ከፍቶ መሄድ ክልክል ነው፣ አደጋም አለው፤ እንድትሞክሩት አይደለም የምነግራችሁ።) ልጁ ግን 24 ዓመት ብቻ ኖሮ፣ ምን እንደሚወድ ስድስት ሰው ያውቅለታል።

ጽሑፉ ሁለት ገጽ ሞላ። የነጋዴው ግን ግማሽ ገጹ ባዶ ነበር የቀረው።

ሊከፍሉኝ ሲያዋጡ «ተከፍሏል» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። አላልኳትም። ያን ሰሞን ቀለም ዋጋው ጨምሯል፣ ኪራይም ደርሶብኛል። 80 ብር ቆጥሬ ተቀበልኳቸው። እነሱ ምንም አልመሰላቸውም። እኔ ግን ማታ እስክተኛ ድረስ 80 ብሯ ኪሴ ውስጥ ትቆረቁረኝ ነበር።

ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። «እኔ ብሞት ምን ብለሽ ታጽፊያለሽ?» አልኳት።

«ምን ሆነሃል? ምን ዓይነት ሟርት ነው!»

ለመንኳት። «እንግዲህ… ደግ ሰው ነበር እላለሁ።»

«ለምሳሌ?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። አሰበች። ማሰቧ እየረዘመ ሲሄድ ጨነቀኝ። «አትጠጣም» አለች። «ሌላስ?» «አትሳደብም። ውጪ አታመሽም። የሰው ነገር ውስጥ አትገባም።»

«የሚያስደስተኝስ?»

«ዝም ስንልህ» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ያን ሌሊት ብዙ አሰብኩ። እኔ ራሴን ጨዋ ሰው አድርጌ ነው የማየው። አልሰርቅም። አልዋሽም። ሰው አልነካም። ሲቆጠር ግን ጨዋነቴ በሙሉ «አል» ብሎ የሚጀምር ነው። ባለቤቴም የቆጠረችልኝ ያላደረግኩትን ነው። በዚያው «አል» ውስጥ ደግሞ ሌሎችም አሉ። አልዘፍንም። ዘመድ ጋ አልሄድም። ጎረቤት ሲታመም አልደርስም፤ እድር ቅጣት ስላለው ብቻ ለቅሶ እደርሳለሁ። ልጄን አልቆጣትም፣ ግን አላጫውታትም። ክፉ ባለመሥራት ብቻ ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ድንጋይም እኮ አይሰርቅም።

«አልሰርቅም» ያልኩትም ቢሆን ውሸት ነው። እሱን ልናዘዝ።

መስከረም 2013 ብሩ ተቀየረ። የሁለት መቶ ብር ኖት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው ያኔ ነው። ሁሉም ሰው አዲሱን ብር እያገላበጠ የሚያይበት ጊዜ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ አንዲት እናት ከዶሮ ማነቂያ መጡ። የውኃ ቆጣሪያቸው ተበላሽቶ፣ የማይሆን ሒሳብ መጥቶባቸው፣ ማመልከቻ ሊያጽፉ ነው። እያወሩኝ ጻፍኩላቸው። 60 ብር አልኳቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና አንድ ኖት አወጡ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ኖቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት።

«መቶ ነው አይደል ልጄ?»

ሁለት መቶ ነበር።

«አዎ እማማ» አልኩ። 40 ብር መለስኩላቸው። አንድ በአንድ ቆጥረው ቋጠሩት። ከዚያ ሊሄዱ ሲሉ ቆም ብለው መረቁኝ። «ዕድሜ ይስጥህ። እጅህ ይባረክ። ከክፉ ይሰውርህ። የልጆችህን ወግ ማዕረግ ያሳይህ።» ለእያንዳንዷ «አሜን» እያልኩ ተቀበልኩ። አራት አሜን። አንዱ አሜን 25 ብር መጣ።

ምክንያት አላጣሁም። የሱቁ ኪራይ ጎድሎኝ ነበር። ደግሞስ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባል የለ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረትም አለን። ተረቶቻችን ጥበበኞች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ለሌባ ጥብቅና የቆሙ ናቸው። ሰው ተረት ሲጠቅስ ስሰማ አሁን መጀመሪያ የማስበው «ምን ሊሠራ ነው?» ብዬ ነው።

የባሰውን ልንገራችሁ። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሙሉ ስማቸው፣ የቤት ቁጥራቸው ጭምር ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው። ዶሮ ማነቂያ ከሱቄ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ለፋሲካ እወስድላቸዋለሁ እል ነበር። ከዚያ ለእንቁጣጣሽ። ከዚያ ለገና፣ የዶሮ መግዣ አስመስዬ። ባለቤቴን የጠየቅኩ ሌሊት እንኳን ትዝ ብለውኝ፣ በነጋታው አልሄድኩም። ጊዜ አለ ብዬ ነዋ። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ሰዉ ወደየዳርቻው ሄደ። የቤት ቁጥሩ አሁንም ፋይሉ ላይ አለ። ቤቱ የለም።

አንድ ጓደኛዬ «ለነዳያን ስጣትና ገላግላት» አለኝ። ጊዮርጊስ በር ላይ መስጠት ቀላል ነው። ግን የምገላገለው እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው መቶ ብራቸውን አያገኙም። የአንዱን ወስዶ ለሌላው መስጠት መመለስ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ቆረጥኩ። የሰው የሆነ ነገር እኔ ጋ አያድርም። የተረሳ ፍላሽ፣ መታወቂያ፣ ትርፍ መልስ፣ የዕለቱን በዕለቱ። ነገ ካልኩት እንደማልመልሰው አውቄዋለሁ፤ ራሴን አላምነውም። በቴሌብር በስህተት የሚገባ ብርም አለ፤ ሱቄ ውስጥ በወር አንዴ አይጠፋም። እዚህ ላይ ግን አጭበርባሪም ስለበዛ አንድ ምክር ልስጥ። ሰው ደውሎ «በስህተት ላክሁብህ» ካላችሁ የመጣውን መልእክት ብቻ አትመኑ፤ ቀሪ ሒሳባችሁን በ*127# ገብታችሁ እዩ። በእርግጥ ከገባ፣ መልሳችሁ የምትልኩት ወደ ላከበት ቁጥር ብቻ ይሁን። «በዚህኛው ቁጥር አድርግልኝ» ካለ እምቢ በሉ። ሐቀኛ መሆን ሞኝ መሆን አይደለም።

ሱቄ ውስጥ በጣም የሚፈትነኝ ግን ሌላ ነው። «ይቺን ቀን ብቻ ቀይርልኝ» የሚሉ አሉ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስካን አድርጎ 2012ን 2010 ማድረግ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ክፍያው ከ30 ገጽ ትየባ ይበልጣል። ሠርቼ አላውቅም ብል እዋሻለሁ፤ ሁለቴ ሠርቻለሁ። ለማቆም ስወስን የቸገረኝ ነገር እምቢ ማለቱ ነው። እኛ ዘንድ ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ስድብ ይመስላል። ስለዚህ «ፕሪንተሩ ተበላሽቷል» ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን ለአንዱ ልጅ እንዲህ ስለው፣ ከጀርባዬ ፕሪንተሩ የሌላ ሰው ወረቀት እያወጣ ነው። እኔም አየሁት፣ እሱም አየው። ሐሰተኛ ወረቀት ላለመሥራት ብዬ በሐሰት ተያዝኩ።

አሁን «ይኼን አልሠራም ወንድሜ። ትክክለኛውን ደብዳቤ እንዲሰጡህ የምታስገባውን ማመልከቻ ግን በነፃ እጽፍልሃለሁ» እላለሁ። «አል»ዋን ብቻዋን አልተዋትም፤ የምሠራውን ነገር አስከትላታለሁ። አንዳንዱ እሺ ይላል። አብዛኛው ተናዶ ይወጣል፤ ሦስት ሱቅ አልፎ እንደሚሠራለት ሁለታችንም እናውቃለን። በዚህ ምክንያት አንድ ቋሚ ደንበኛ ሄደብኝ። በወር የኪራዬን ሩብ የሚያህል ሥራ ያመጣ ነበር። «ፈጣሪ በሌላ ተካልኝ» እንድል ትጠብቁ ይሆናል። አልተካልኝም። ለብዙ ወራት ጠቦን ነው የኖርነው፤ የልጄን የክፍያ ትምህርት ቤት ቅያሪ እስከማሰብ ደርሰን ነበር። ሐቀኝነት ዋጋ አለው። ዋጋውን ሳይነግሩ «ሐቀኛ ሁኑ» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል።

ወደ «ለምሳሌ» ልመለስ። በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ማታ ማታ አንዳንድ መስመር መጻፍ ጀመርኩ። ቅጽል ክልክል ነው። ማን፣ የት፣ ምን፣ በቃ። «ማክሰኞ። ዝናቡ ሲመጣ የባለጉልቷን ቲማቲም አብሬያት አነሳሁ።» «ረቡዕ። ባዶ።» «ሐሙስ። ባዶ። መብራት ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ።» «ዓርብ። ለእህቴ ደወልኩ፣ ምንም ሳልፈልግ።» ይቺን የመጨረሻዋን እዩልኝ። እህቴ ስልኩን እንዳነሳች «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» ነው ያለችው። ደህና ነን፣ እንዲያው ነው ብላት አላመነችኝም። ለካ 10 ዓመት ሙሉ ስደውልላት የሆነ ነገር ፈልጌ ነበር።

መሞከር ለሚፈልግ የማስጠነቅቀው ነገር አለ። ወረቀቱ ወደ ቲያትር ይወስዳል። እኔን ወስዶኝ ነበር። ለለማኝ ስሰጥ ሰው ያየኝ እንደሆነ ዞር እያልኩ ማየት ጀመርኩ። ቤት ውስጥ ሰሃን ሳጥብ ባለቤቴ «ዛሬ ደግሞ ለሕይወት ታሪክህ ነው?» እያለች ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው። አራት ወር ጽፌ ተውኩት። አሁን አልጽፍም፤ ጥያቄዋ ግን ራሷ ትመጣለች። በተለይ ስለ ራሴ ጥሩ ነገር ማሰብ ስጀምር። «እኔ እኮ ሰው አልጎዳም» ስል፣ ከውስጥ አንድ ድምፅ «ለምሳሌ?» ይለኛል።

ሁለተኛዋ ጥያቄ የበለጠ ከበደችኝ። ምን ያስደስትሃል? መኖር ማለት ለኔ ነገ የሚመጣ ነገር ነበር። ኪራዩ ሲከፈል፣ ልጅ ሲያድግ፣ ማሽን ሲቀየር። ዓለሙን መቅጨት የሚባለውን ነገር ለሀብታም የተተወ አድርጌ ነው የማየው። ሱቄ ከተከፈተች ጀምሮ ብሔራዊ ሙዚየም በታክሲ 10 ደቂቃ ነው። አምስት ኪሎ። አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም ነበር። ከውጪ ድረስ እየመጡ የሚያዩትን።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ ልጄን ይዣት ሄድኩ። 11 ዓመቷ ነው። ድንቅነሽ ጋ ስንደርስ ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። በ1967 ሐዳር፣ አፋር ነው የተገኘችው። ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ገደማ ነው። ቁመቷ አንድ ሜትር ከ10 ገደማ፣ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። ልጄ አጥንቶቹን እያየች ቆየችና «አባዬ፣ ምን ትወድ ነበር?» አለችኝ። በቤታችን ይኼ ጥያቄ የታወቀ ነው።

«እሱ አይታወቅም» አልኳት።

«እኔስ ምን እወዳለሁ?»

«ሥዕል መሳል» አልኩ ፈጠን ብዬ።

«እሱ እኮ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው።»

ሦስት ሚሊዮን ዓመት የቆየችዋን ሴት ቁመት ነገርኳት። አብራኝ የምትኖረውን ልጅ አላወቅኳትም። ከሙዚየሙ ወጥተን በእግራችን ወደ አራት ኪሎ ስንወርድ ነው የነገረችኝ። ገመድ መዝለል። የባቡር ድምፅ። የተጠበሰ በቆሎ፣ ያረረው በኩል። በቆሎውን መንገድ ላይ ገዛን፤ ያረረውን እሷ በላች፣ ያላረረውን እኔ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ ዝግ ነው። ደንበኛ ያጉረመርማል። ያጉረምርም።

እኔም የምወደው ነገር እንዳለኝ ቀስ በቀስ ደረስኩበት። ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ቶሞካ ቆሜ ቡና እጠጣለሁ። ስልኬን ኪሴ ከትቼ። 10 ደቂቃ ብትሆን ነው። ቡናው ሲፈጭ ያለው ሽታ፣ ከጎኔ የቆሙት ሽማግሌዎች ስለ እግር ኳስ ሲጨቃጨቁ። መጀመሪያ ሰሞን የገንዘብ ብክነት መስሎኝ አፍር ነበር። ባለቤቴ ናት «ጠጣ ባክህ፣ ጠጥተህ የመጣህ ቀን ፊትህ ይፈታል» ያለችኝ። እሷም ታጽፈው ዘንድ አንድ ነገር አገኘች ማለት ነው።

አሁን ለሕይወት ታሪክ የሚመጡትን ሁሉ ሁለቱን ጥያቄ እጠይቃለሁ። ምሳሌ ያልተገኘለትን ቅጽል አልጽፍም። አንድ አጎት «ደግ የምትለዋ ቃል የት ሄደች?» ብለው ተቆጥተውኝ ያውቃሉ። ለሳቸው ስል አስገባኋት፤ ለቅሶ ላይ ሙግት አይገጠምም። ተለጣፊዋን አንቀጽ ግን ከኮምፒውተሬ አጥፍቻታለሁ።

ባለፈው ግንቦት አንድ ደንበኛ ስለ ዶሮ ማነቂያ ሲያወራ፣ የነሱ እድር እንዳልፈረሰ ነገረኝ። ሰፈሩ ፈረሰ እንጂ እድሩ አለ። አባላቱ በወር አንዴ ከየዳርቻው እየመጡ እዚሁ መሀል ከተማ ይሰበሰባሉ። የእማማን ስም ከፋይሉ አትሜ ይዤ ሄድኩ። ጸሐፊው መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ አዛውንት ናቸው።

«ምን ፈልገህ ነው ልጄ?»

«ዕዳ አለብኝ።»

«ስንት?»

«መቶ ብር።»

ሳቁ። «ለመቶ ብር ነው እዚህ ድረስ?»

ያኔ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ከባለቤቴና ከዚያ ጓደኛዬ ሌላ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ሳቃቸውን አቆሙ። መዝገቡን ገልጠው ጣታቸውን ቁልቁል አወረዱ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የሚያዝያ መዋጮ ተከፍሏል። የግንቦትም ተከፍሏል።

«አሉ» አሉኝ። «ልጃቸው ናት እያመጣች የምትከፍለው። እሳቸው ዓይናቸው ደክሟል፣ ከመጡ ቆይተዋል።»

ስልኳን ስጠይቃቸው መዝገቡን ከደኑት። «ሳልጠይቃት አልሰጥህም። ሰኔ 12 ና። እሷን ታገኛታለህ፣ ራስህ ትነግራታለህ።»

ዛሬ ሰኔ 9 ነው። ብሩን ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ስንት ልጨምርበት እያልኩ ስጨነቅ ነበር፤ የያኔው መቶ ብር የዛሬው መቶ ብር አይደለም። ባለቤቴ «መጀመሪያ የወሰድከውን መልስ፣ የቀረውን እሳቸው ይንገሩህ» ብላኛለች። ለልጅቷ ምን ብዬ እንደምጀምርላት ግን እስካሁን አላወቅኩም። ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ አጠፋሁት። ለሌላ ሰው ሲሆን ማመልከቻ በአምስት ደቂቃ ነው የምጨርሰው።